ሳላይ አላጠፋም

ጥበቡ አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ አያውቅም። አርብ ገበያ ከተማ ውስጥ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳ፣ ስልክ የሚጠግን፣ የመታወቂያ ፎቶ የሚያትም ሰው ሲፈለግ እሱ ነው፤ ሱቁ ውስጥ የሚገኘው ግን በዕድል ነው። የደንበኛ ስልክ ፈታትቶ ጠረጴዛው ላይ ይበትንና ብሎን ፍለጋ ይወጣል። ብሎኑን ሳይገዛ የሰው ሙግት ለመስማት ይቆማል። ሲመለስ ደግሞ በሩን ቆልፎ ይሂድ ሳይቆልፍ ይሂድ ትዝ አይለውም። ሚስቱ ህይወት «ይኸን ሰው እግዜር ሲፈጥረው መቀመጫ ረስቶለታል» ትላለች። ሰው ይስቃል፤ እሱም ቆሞ ይስቃል።

ጠባዩ የዛሬ አይደለም። በልጅነቱ ድጓ ሊማር ቤተ ልሔም ገብቶ ነበር። ቤተ ልሔም እንግዲህ የድጓ ምስክር ቤት ነው፤ የትም አገር የተማረ ደብተራ እዚያ ሄዶ፣ መምህር ፊት ቆሞ፣ ሳያስመሰክር «ድጓ አውቃለሁ» ቢል ማን ሰምቶት። የጥበቡ መምህር የኔታ ይርጋ ነበሩ። ልጁ ድምፁ ያማረ፣ ጆሮው የሰላ ስለነበረ የኔታ ተስፋ ጥለውበት ነበር። ምን ያደርጋል፤ ጾመ ድጓው ላይ ሲደርስ፣ ፋሲካ የሚባለውን የመጨረሻውን ክፍል ሳይነካ፣ ኮምፒውተር ልማር ብሎ ደብረ ታቦር ወረደ። የኔታ አልረገሙትም። «እግሩ ነው የወሰደው» አሉና ዝም አሉ፤ ይኸው ዝምታቸው ነው እስከ ዛሬ የሚያሳክከው።

አሁን የኔታ አርጅተዋል። ጉሮሯቸው ታሞ ድምፃቸው አንድ ሰሞን ይመጣል፣ አንድ ሰሞን ጭራሹን ይጠፋል። ፋሲካውን እሳቸው ከመምህራቸው በወረሱት አኳኋን የሚያዜመው ሰው ደግሞ ከእሳቸው በቀር አልቀረም፤ የነበሩትም ሞተዋል፣ የተረፉትም አገር ጥለው ሄደዋል። ጥበቡ ይኸን ሲሰማ ሱቁን ለህይወት ጥሎ፣ ስልኩን ይዞ፣ ቤተ ልሔም ሄደና «የኔታ፣ ልቅረጽዎ» አላቸው።

የኔታ እንደ ማሰብ ብለው አንድ ነገር ብቻ አዘዙ፤ ጣታቸው በብራናው ላይ ስትሄድ እንድትታይ። በድጓ መጽሐፍ ከፊደሉ ራስ ላይ ደቃቅ የዜማ ምልክቶች አሉ፤ ድምፁ የት እንደሚሰበር፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ የሚናገሩ። «ምልክቱን ሳያዩ ድምፅ ብቻ ቢሰሙ ምን ይረባቸዋል?» አሉ። «ጣቴን ይዩ።» ስለዚህ ቀረጻው ቪዲዮ ሆነ። ቪዲዮ ደግሞ ሆዳም ነገር ነው። ጥበቡ ስልኩ እስኪሞላ ይቀርጻል፣ አርብ ገበያ ተመልሶ ላፕቶፑ ላይ ያራግፋል፣ እንደገና ይሄዳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከዘመን መለወጫው ዜማ ተነስቶ እስከ ጾመ ድጓው ደረሰ።

«ሁሉን አንድ ላፕቶፕ ላይ አትከምር፤ አንድ ቀን ከእጅህ ወድቆ ታለቅሳለህ» ብሎ የመከረው ዳዊት ነው። ዳዊት አብሮ አደጉ ነው፤ ባሕር ዳር ኮምፒውተር ያስተምራል። መክሮ ብቻ አልተወውም፤ አንድ ፕሮግራም ጫነለት። ፕሮግራሙ እያንዳንዱ ቪዲዮ የት የት ቅጂ እንዳለው ይከታተላል። አንዱ ቅጂ በጥበቡ ላፕቶፕ ላይ ነው። ሌላው እስቴ፣ የየኔታ የእህት ልጅ የሆነችው መምህርት ዘነበች ቤት፣ ከኮምፒውተሯ ጋር የተሰካ ዲስክ ላይ። ሦስተኛው ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ፣ በጥበቡ የተማሪ ቤት ጓደኛ በጌጡ ሱቅ ውስጥ፣ እንደዚሁ ዲስክ ላይ። ኔትወርክ ብልጭ ባለ ቁጥር የሦስቱ ቤት ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ይነጋገሩና የጎደላቸውን ይቀባበላሉ።

ላፕቶፑ ሲሞላ እዚያ ያለውን ቅጂ ማጥፋት ይቻላል፤ ሌላ ቦታ አለና። ፕሮግራሙ ግን አጥፋ ስላሉት ብቻ አያጠፋም። መጀመሪያ ይሄድና ቪዲዮው በሌላ ሁለት ቦታ መኖሩን በራሱ ዓይን ያያል፤ ካላየ «ሳላይ አላጠፋም» ብሎ እጁን ይሰበስባል። የሰው ቃል አይበቃውም። ትናንት ያየውን እንኳ ዛሬ ደግሞ ማየት ይፈልጋል። ጥበቡ «ዘበኛው» ይለዋል።

ይኸን ለየኔታ ሲያጫውታቸው ትከሻቸው እስኪነቀነቅ ሳቁ። «ይኸ ዕቃ ቤተ ልሔም ተምሯል» አሉ። «እኛስ አውቃለሁ ብሎ የመጣውን ሁሉ፣ እስቲ በል፣ እንለዋለን እንጂ መች በቃሉ እንለቀዋለን?»

በገብስ አጨዳ ሰሞን ጉድ ፈላ። ላፕቶፑ ሞላ፤ ስልኩም በመጨረሻው የጾመ ድጓ ቀረጻ እንደተነፋ የሚራገፍበት አጣ። ጥበቡ ፊልሙን፣ ዘፈኑን፣ የራሱን ሠርግ ቪዲዮ ሳይቀር ቀደም ብሎ አጥፍቶ ነበር፤ ስለ ሠርጉ ቪዲዮ ህይወት እስካሁን በነገር ትወጋዋለች። ሱቁ ውስጥ በፍላሽ የተሞላ ሳጥን አለ፤ ፍላሾቹ ላይ ትልቅ ትልቅ ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ ውስጣቸው ግን የቁጥሩን ሩብ አይዝም፤ የበላውንም አይመልስም። ይኸን ከሚሸጠው ሰው በላይ ማን ያውቃል? የሰው ስልክ ልዋስ ብሎም አስቦ ነበር። ሰዉ ሁሉ የሚመጣው ግን ስልኬ ሞተ ብሎ ነው።

እንዲህ ሲብሰለሰል የየኔታ ጎረቤት ጓዴ ደወለ። ጓዴ ገበሬ ነው፤ ለየኔታ ውኃ የሚቀዳላቸውም፣ እሳት የሚያነድላቸውም የእሱ ቤት ነው።

«ጥበቡ፣ የየኔታ ድምፅ መጣላቸው» አለው። «ዛሬ ጧት ኪዳን ላይ ሰው ሁሉ ሰማቸው። ፋሲካውን ልበለው፣ ቶሎ ይምጣ ብለዋል።»

«ደህና ናቸው?»

«ደህናስ ደህና ናቸው። ግን ቶሎ ይምጣ ነው ያሉት።»

ጥበቡ ስልኩን ሳያስቀምጥ ላፕቶፑን ከፈተ። ቀደም ያሉትን ቪዲዮዎች ከዚህ አንሳ ብሎ ዘበኛውን አዘዘው። ያን ዕለት ደግነቱ ኔትወርክ ነበረ። ዘበኛው እስቴ ሄዶ ተመለሰና አንድ ቅጂ አየሁ አለ። ወገዳ ሄደ፤ እዚያ የሚያናግረው አጣ። ሁለተኛውን አላየሁም፣ አላጠፋም አለ። ጥበቡ ደገመው። አላጠፋም። ተነስቶ በሩ ድረስ ሄዶ ተመለሰና ሰለሰው። አላጠፋም።

ወገዳ ዝም ማለቷ አዲስ ነገር አልነበረም። ከጀመሩበት ጊዜ አንስቶ የጌጡ ኮምፒውተር ወሬ አቀብሎ አያውቅም፤ ጥበቡም የወገዳ ኔትወርክ ነው እያለ ያልፈው ነበር። አሁን ግን ልቡ ተሰቀለ። ጌጡ ዘንድ ደወለ።

«ጌጡ፣ ዲስኩ አለ?»

«የምን ዲስክ?»

«የየኔታ ነዋ።»

«አለ እንጂ፤ ምን ሊሆን? እንደሰጠኸኝ ነው ያለው።»

«እርግጠኛ ነህ? አይተኸዋል?»

የጌጡ ድምፅ ተለወጠ። «ስማ ጥበቡ፣ አደራውን ለማን የሰጠህ መስሎህ ነው? አባቴን ታውቃለህ። እኛ ቤት የገባ አደራ መቼ ጎድሎ ያውቃል?»

ጥበቡ አፈረ። በዚያ አገር «አደራዬን እስቲ አሳየኝ» ማለት «ሌባ ነህ» ከማለት ብዙ አይርቅም። እኔስ አምንሃለሁ፣ ማሽኑ ነው እንጂ ሊለው ፈልጎ ነበር፤ ለጌጡ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይነገራል? ሲያመነታ መስመሩ ተቋረጠ። ደግሞ ቢደውል አይገባም።

አሁን አንድ መንገድ ቀረችው። ዳዊት ፕሮግራሙን ሲጭንለት፣ ከትእዛዙ ኋላ አንዲት ቃል ብትጨምርበት ዘበኛው ሳያይ እንደሚያጠፋ ነግሮት ነበር። በግድ አጥፋ እንደ ማለት ናት። «አውቀሃት ተዋት» ብሎት ነበር። ጥበቡ ትእዛዙን ጻፈ። ቃሊቱን ጨመረበት። የቀረው አንድ ቁልፍ መጫን ነው።

ህይወት ከጓሮ ገብታ ከኋላው ቆመች። የሆነውን ሁሉ ሰምታለች፤ የሱቁና የቤቱ ግድግዳ አንድ ነው።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችው። «ጌጡ አለ ካለ አለ። ጌጡ ይዋሻል?»

«አይዋሽም።»

«ታዲያስ? ዲስክ አይሞት። ሽማግሌው ናቸው ዛሬ ነገ የሚባሉት። ተጫነውና ሂድ።»

እውነቷን ነው። ጥበቡም እውነቷን መሆኑ ገብቶታል፤ ችግሩም እሱ ነው። ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሳ። ከሱቁ ወጥቶ እስከ አስፓልቱ ሄዶ ተመለሰ። አንድ ደንበኛ «ስልኬስ?» ቢለው «ነገ» አለው፤ የቱ ስልክ እንደሆነ እንኳ አላየም። ካልሄደ የየኔታ ፋሲካ ይጠፋል። ተጭኖ ከሄደ፣ የጌጡ ዲስክ ደግሞ አንድ ነገር ሆኖ ከተገኘ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የቀረጸው በዘነበች ዲስክ ላይ ብቻ ይንጠለጠላል፤ አንድ የመብራት መምታት፣ አንድ የሌባ እጅ ይበቃዋል። እዚያ ቤት ሌባ ገብቶ ያውቃል፤ ቴሌቪዥኗን የወሰዱባት አምና ነው።

ደግሞ ጥበቡ «አለ» የሚሉትን ቃል ያውቃታል። ቤተ ልሔም ሳለ የኔታ «አጥንተሃል?» ሲሉት «አጥንቻለሁ» ይላል፤ ውሸቱን አልነበረም፣ ያጠና መስሎት ነበር። «እስቲ በል» ሲሉት ነው መሐሉ ባዶ መሆኑን ለራሱም የሚሰማው። የጻፈውን ትእዛዝ ሳይጫነው ደመሰሰውና ላፕቶፑን ከደነ።

«ወገዳ ልሄድ ነው» አለ።

ህይወት ስንቁን ቋጠረችለት፤ ስትቋጥርለት እጇ ቁጣ ነበረበት። ለጓዴ ደውሎ «የኔታን ይታገሱኝ በላቸው» አለ። ጓዴ «እነግራቸዋለሁ፤ ድምፃቸውን ታገሺ የሚላት ማን እንደሆነ እንጃ» ብሎ ዘጋው።

በማግሥቱ ጧት እህል ጭኖ የሚሄድ አይሱዙ ላይ ተሳፈረ። የስማዳን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መኪናው አንድ ይሄዳል፣ ሁለት ይዘላል። ጥበቡ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሹፌሩን በሆዱ እየረገመ ሄደ። መሐል ላይ ጎማ ፈነዳ። ሌላው ተሳፋሪ ጥላ ፈልጎ ሲቀመጥ እሱ መኪናውን ይዞራል፤ ክሪኩን ላንሳ ይላል፤ ብሎኑን ልያዝ ይላል። ሹፌሩ መጨረሻ ላይ «ወንድሜ፣ አንተ ከተቀመጥክልኝ ቶሎ እጨርሳለሁ» አለው።

ወገዳ ሲደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። የጌጡ ሱቅ ከገበያው ዳር ነው፤ ስኳርና ሳሙና ይሸጣል፣ ጥግ ላይ ባለችው ኮምፒውተር ደግሞ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋል። ጥበቡ መጀመሪያ ያየው ኮምፒውተሩን ነው። ዲስክ የሚባል አጠገቡ የለም።

ጌጡ ሰላምታውን ሰጠ፤ ደህና ገባህ ወይ፣ ልጆች ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ሁሉንም በወጉ ጠየቀ። ፊቱ ግን አልተፈታም። «ልታየው ነው የመጣህ» አለ።

«ጌጡ፣ ቅር አይበልህ...»

«ግባ።»

ወደ ጓዳ አስገባው። ከአልጋው ሥር ትልቅ የእንጨት ሳጥን ጎተተ። ቁልፉን ከአንገቱ ማተብ ጋር አስሮታል። ከፈተው፤ የሠርግ ካባውን አወጣ፣ የአባቱን ጋቢ አወጣ፣ ከሥሩ በነጭ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ አንስቶ ጥበቡ ጭን ላይ አኖረለት። ጥበቡ ሲፈታው ዲስኩ ነው። የፋብሪካው ላስቲክ እንኳ ከጎኑ አልተላጠም።

«ይኸውልህ» አለ ጌጡ። አሁን ፊቱ በርቷል፤ ደረቱ ተነፍቷል። «ካመጣኸው ማግሥት ጀምሮ የሰው እጅ አልነካውም። የት እንዳለ ሚስቴም አታውቅ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ!»

«ኮምፒውተሩ ላይ እንደተሰካ ይደር ብዬህ አልነበረም?» አለው ጥበቡ ቀስ ብሎ።

«ብለኸኛል። አንድ ቀን አደረና ሳየው አንጀቴ እንቢ አለ። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ያለበትን ዕቃ፣ ሳሙና ገዢው ሁሉ ክርኑን በሚያሳርፍበት ጠረጴዛ ላይ ጥዬ ልደር? አቧራ ሊጠጣ? ነቀልኩና እዚህ አኖርኩት። አደራ እኮ ነው፤ አደራ ተዘርግቶ ይታደራል እንዴ?»

ጥበቡ ዲስኩን ከላፕቶፑ ጋር ሰካው። ውስጡ ያለው እሱ ራሱ በመጀመሪያው ቀን የጫነው ብቻ ነው፤ የዘመን መለወጫው ዜማ፣ ያውም ከፊሉ። ከዚያ በኋላ የተቀረጸው ሁሉ፣ አስተምህሮው፣ ጾመ ድጓው፣ በየወሩ እየተላከ የወገዳን በር ሲያንኳኳ ኖሯል፤ የሚከፍትለት ግን አልነበረም።

አንዴ ቆሽቱ አረረ፤ አንዴ ደግሞ ሳቅ ሳቅ አለው። ሰውየውን ምን ይበለው? ሰርቀሃል አይለው፣ አልሰረቀም። ቸል ብለሃል አይለው፤ እንደ ጌጡ አደራ የጠበቀ ማን አለ? ክፋት ቢኖርበት ተቆጥቶ ይወጣለት ነበር።

«ምነው?» አለ ጌጡ። የጥበቡን ፊት እያየ የራሱም እየጠቆረ ሄደ። «ጠፍቷል?»

«አልጠፋም። አልገባም ነው እንጂ። ዲስኩ ሲሰካ ነበር አዲሱን የሚቀበለው።»

«ታዲያ አለ ብዬህ... አለ ብዬ ነግሬህ...» ጌጡ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ሲቀመጥ ክዳኑ ተንቋቋ። «አምነኸኝ አጥፍተኸው ቢሆንስ?»

«አላጠፋሁትም።»

«ብታጠፋውስ ኖሮ?» ጌጡ ጥያቄውን አልለቀቀም።

እንግዲህ ሥራ ነው። ዲስኩ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፣ ላፕቶፑ ደግሞ ሙሉ ነው፤ ከዚያ ወደዚህ መገልበጥ ነው። ይጀምራሉ፣ መብራት ይሄዳል። መብራት ይመጣል፣ ካቆመበት ይቀጥላሉ። ጥበቡ ጓዳና ሱቅ ሲመላለስ የቤቱን ወለል ፈጀው። ጓዴ ዘንድ ይደውላል፣ አይገባም፤ ደግሞ ይደውላል። ጌጡ ግን ከዲስኩ አጠገብ ንቅንቅ አላለም። ሰው ሲገባ «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» ይላል፤ ስኳር ሊገዛ የመጣውን ሁሉ ነገ ና እያለ መለሰው። ሱቁ እንዲያ ተዘግቶ የዋለበት ቀን ከዚያ በፊት አልነበረም።

ያለቀው በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ነው። ጥበቡ ዘበኛውን አዘዘው። ዘበኛው የዲስኩን ሁሉ አየ፤ ኔትወርክ መጥታ ስለነበረ እስቴንም አየ፤ ሁለት አለ፤ ምንም ሳያንገራግር ላፕቶፑን ባዶ አደረገው፤ ጥበቡም የሞላውን ስልኩን እዚያ ላይ አራገፈ። ጌጡ ዲስኩን ኮምፒውተሩ ላይ እንደሰካ ሰፌድ አምጥቶ ሊደፋበት ሲል ጥበቡ ከለከለው፤ ይሞቅበታል። «እሺ አልከድነውም» አለ ጌጡ። «እዚሁ አጠገቡ እተኛለሁ።»

ጥበቡ በዚያ ሰዓት መኪና ከየት ያግኝ? ያገኘው የማግሥት ጧት ነው። አርብ ገበያ ሲወርድ ቤቱ አልገባም፤ ከመንገድ ዳር ባጃጅ ይዞ፣ የቀረውን በእግሩ እየሮጠ፣ ቤተ ልሔም ደረሰ። ገበሬው በየማሳው ገብሱን እየከመረ «ምነው፣ ደህና?» ይለዋል፤ እሱ እጁን እያነሳ ያልፋል። አሁን ላፕቶፑ ሰፊ ቦታ አለው፣ ስልኩ ባዶ ነው፤ ፋሲካውን አንድ ጊዜ አይደለም ሁለት ጊዜ ይችለዋል።

ጓዴ ከየኔታ አጥር ሥር ማጭድ ሲስል አገኘው። ሲያየው ማጭዱን አስቀመጠ። ያኔ ነው ነገሩ ለጥበቡ የገባው።

«ድምፃቸው ትናንት ከሰዓት ሄደ» አለ ጓዴ። «ሲጠብቁህ ነበር። ጧት በጧት ጉሮሯቸውን በማር እያራሱ፣ መጽሐፉን ዘርግተው። ከሰዓት ላይ አፋቸውን ከፈቱ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ።»

ጥበቡ እዚያው ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩ የሚሄድበት አጣ። ከገባም በኋላ ከየኔታ እግር ሥር ወድቆ አለቀሰ፤ ሳያፍር አለቀሰ። «አንዲት ቁልፍ ነበረች፣ የኔታ። ብጫናት ኖሮ በዚያው ቀን እዚህ ነበርኩ። ምንም አይጠፋም ነበር፤ የዘነበች ዲስክ ደህና ነው። በከንቱ ነው ያስጠበቅሁዎት።»

የኔታ ግንቡ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እንዲቀርብ በእጃቸው ጠሩት። ጆሮውን አፋቸው ላይ ሲያደርግ በትንፋሽ ብቻ «የወገዳውስ?» አሉት።

«ባዶ ነበር። አሁን ሞላ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይበል» ማለታቸው ይሁን «ይቅር» ጥበቡ አላወቀም። ከዚያ የኔታ ብራናውን ወደ ጭናቸው ሳቡ፣ ፋሲካው ላይ ገለጡ፣ ጣታቸውን መጀመሪያው ምልክት ላይ አኖሩና ቀና ብለው አዩት።

ጥበቡ ስልኩን ማቆሚያው ላይ አቁሞ ቀረጻውን ከፈተ፤ ጣታቸውን ብቻም ቢሆን ልያዝ ብሎ ነው። ጣቲቱ ግን አልተንቀሳቀሰችም። የኔታ አሁንም እያዩት ነው።

«እኔ ልበል?»

ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡ።

«የኔታ፣ እኔ እኮ ፋሲካን አልተማርኩም። ጥዬ ነው የሄድኩት።»

ጣቲቱ ምልክቱን መታች። በል ማለታቸው ነው። ጥበቡ ጉሮሮውን ጠረገና ከጾመ ድጓው በሚያውቀው ምልክት እየገመተ አንድ ሐረግ ለቀቀ። ጣቲቱ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። ደግሞ አለ። ተመለሰች። ደረቱ ላይ መዳፋቸውን አኑረው ትንፋሹ የሚወድቅበትን ቦታ ተጫኑት፤ ከንፈራቸውን ያለ ድምፅ አንቀሳቀሱለት። ደግሞ አለ፤ እዚህ ጋ ተሳካ፣ እዚያ ጋ ተሰበረ፣ ተመለሰች። ጓዴ ከደጅ ሆኖ ያዳምጣል። ፀሐይዋ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ዞረች። ጥበቡ አልተነሳም፤ ውኃ እንኳ አልጠየቀም። ስልኩ ሲቀርጽ መዋሉን ረስቶታል።

ህይወት የደወለችው በሚቀርጸው ስልክ ላይ ስለሆነ ቀረጻው እዚያው ተቋረጠ። አነሳው።

«ደረስክ?»

«ደርሻለሁ።»

«አገኘሃቸው? ቀረጽክ?»

«ድምፃቸው የለም፣ ህይወት። ሄዷል።»

«ታዲያ ምንም አልቀረጽክም?» አለችው፤ ቁጣዋ ሁሉ ወጥቶላት ነበር።

«አንድ መስመር ቀረጽኩ።»

«በማን ድምፅ?»

«በእኔ።»

ሱቁ ውስጥ ሰው እየጠራት ነበር፤ የአንዱ ስልክ፣ የአንዱ ፎቶ። «መቼ ትመጣለህ?» አለችው።

ጥበቡ ቀና ብሎ አየ። የኔታ ገጹን አላዞሩም። ጣታቸው ግን ሁለተኛው መስመር ላይ አርፋ ትጠብቀው ነበር።

«ሱቁን ዝጊው» አላት።